ሸክላውን ወደን ሠሪዋን ስንፈራ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ስለ ጎረቤት ኑሮ ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ በየቤታችን በሹክሹክታ የሚነገር፣ በዐደባባይ ሲጠየቁበት ግን ሁሉም «እኔ አላልሁም» እያለ የሚሸሸው አንድ ነገር አለና ስለ እርሱ ልንጽፍ ወደድን። ይኸውም «ቡዳ በላው» የሚባለው ነገር ነው። ከሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን በዐይናችን ካየነው እንጀምራለን።

አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ገበሬው ጤፉንና ባቄላውን፣ ሴቶቹ ቅቤውንና በርበሬውን ይዘው ይወጣሉ። ሸክላ ሠሪዎችም ምጣዱን፣ ጀበናውንና እንስራውን ከገበያው ዳር፣ ከሌላው ሰው ፈንጠር ብለው ይዘረጋሉ። «ፈንጠር ብለው» ያልነውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል፤ የጽሑፋችን ነገር ሁሉ ያለው በእርሱ ውስጥ ነውና።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አንዲት ጎረቤታችን የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ምጣድ ልትገዛ ሄደች። ልጁ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ዳቦ ይገምጥ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ባልቴት ናት። ምጣዱን በጣቷ አንኳኩታ ደኅንነቱን በድምፁ ካሳየች በኋላ ቀና ብላ ልጁን አየችና «እንዴት ያለ ልጅ ነው፤ እግዜር ያሳድገው» አለች። ነገሩ ይኸው ነው። ምጣዱ ተገዛ፤ ሰውም ወደየቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ልጁን ትኩሳት ያዘው፤ ሳልም ተከተለው። አያቱ «ዳቦውን ሲበላ ያየው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቲቱም ገበያ የዋለችበትን አስታውሳ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ የጠየቀ የለም። በሩ ተዘጋ፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተወቀጠ፤ መድኃኒት ፍም ላይ ተነሰነሰና ሕፃኑ ጭሱን እንዲስብ ነጠላ ተሸፈነበት፤ «ማን በላህ? ተናገር!» እየተባለም ተጠየቀ። ሦስት ዓመት የሆነው፣ በሳል የደከመ ሕፃን ምን ብሎ ይናገር? እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን ዋለ፤ ሁለት ሌሊትም አደረ።

እኛ ነገሩን የሰማነው በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነው። ከቤቱ ስንደርስ አባትዮው «መጥታ እንትፍ ትበልበት፤ ያለዚያ ከእጄ አትወጣም» ብሎ ሸክላ ሠሪዋን ሊያመጣ ሄዷል ተባልን። ጥቂት ቆይቶም ባልቴቲቱን ፊት ፊቱ እየነዳ መጣ። በደጁ የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ያከበራት ግን አይምሰላችሁ፤ ልብሷ እንዳይነካው ፈርቶ ነው።

ባልቴቲቱ ገብታ ከሕፃኑ አጠገብ ተንበረከከች። እንትፍ አላለችም። ነጠላውን ከደረቱ ላይ ገለጥ አድርጋ ዝም ብላ ታየው ጀመር። ሕፃኑ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። «ልጄ» አለቻት እናቲቱን፤ «ጭሱን አውጪው። የእኔም ልጅ እንዲህ ሲተነፍስ ነው የሞተብኝ። እኔ ያን ጊዜ አላወቅሁም።» ከዚያም ወደ እኛ ዞር ብላ «የኔታ፣ እርስዎን ይሰሙዎታል፤ ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ» አለች።

ይዘነው ሄድን። ሕመሙ የሳንባ ምች ነበር። መድኃኒት በመርፌ ተሰጠው፤ ትንፋሹም በኦክስጅን ተደገፈ። በአራተኛው ቀን ዐይኑን ገልጦ ዳቦ ጠየቀ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ እኛም ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ዛሬ በመንደሩ የሚነገረው ሌላ ነው፤ «ተይዛ ስትመጣ ለቀቀችው» ይባላል። የልጁን ሕይወት ያተረፈው ምክሯ በገዛ ራሷ ላይ ምስክር ሆኖ ተቆጠረባት። ባይድን ኖሮ «በላችው» ይባል ነበር፤ ቢድን ደግሞ «ለቀቀችው» ተባለ። ከሁለቱ በአንዱ እንኳ ነጻ የምትወጣበት በር አልተተወላትም። ከዚያ ወዲህ ወደ አምበር ገበያ ስትመጣ አላየናትም።

በሌላው ላይ ብቻ የምንፈርድ እንዳንመስል የራሳችንንም እንናገር። እኛም በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ከቤት ቤት የዞርን የቆሎ ተማሪዎች ነበርን። አንድ ቀን በመንደር ጫፍ ካለች ጎጆ ደጃፍ ቆመን ብንለምን አንዲት ሴት ትኩስ እንጀራ አወጣችልን። ጥቂት እንደ ሄድን ጓደኞቻችን «ይህ የቀጥቃጭ ቤት ነው» አሉን። እኛም እንጀራውን ከአኩፋዳችን አውጥተን ወረወርነው። ዘወር ብንል ሴትዮዋ በደጇ ቆማ ታየን ነበር። የለበስነው ደበሎ ፋቂ ያለፋው፣ የምንደግመውም ዳዊት ብራናው የተፋቀው ከቀጥቃጭ ምድጃ በወጣ ስለት መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብንም። ያን እንጀራ እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

እስኪ በቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያችንን እንመልከት። የካህኑን የእጅ መስቀል፣ ጽናውን፣ ቃጭሉንና ጸናጽሉን የሠራው ባለ እጅ ነው። መጋረጃውንና ነጠላውን የሸመነው ሸማኔ ነው። የማኅበሩ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን፣ ጠበል የምንቀዳበትን እንስራ የሠራችው ሸክላ ሠሪ ናት። ገበሬውም ያለ ቀጥቃጭ ማረሻ አንድ ትልም አያወጣም። መስቀሉን እንሳለማለን፤ መስቀሉን የሠራውን ግን እጁን መጨበጥ እንፈራለን። በጋኑ የተጠመቀውን እንጠጣለን፤ ሠሪዋን ግን ከማኅበራችን አንጠራትም። ልጃችንን ለመዳር ስናስብም ሰባት ቤት ዘር ቆጥረን የምንመረምረው ብዙውን ጊዜ ይህን ፍለጋ ነው።

«ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ክፉ መንፈስ አለ ትል የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎን፤ ክፉ መንፈስ የለም አትልም፤ በጸሎትና በጠበልም ትዋጋዋለች። ነገር ግን ክፉ መንፈስ በዘርና በሥራ ይወረሳል፣ ብረት የቀጠቀጠ ወይም ጭቃ ያቦካ ሰው ሁሉ ልጁን ቡዳ አድርጎ ይወልዳል የሚል ትምህርት ከየት ወጣ? የቀጥቃጩ ልጅ ወንድ እንደ ሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት እንደ ሆነች በ80 ቀኗ እንደ እኛ ልጆች ትጠመቃለች፤ በዚያው ሜሮን ትታተማለች፤ ከዚያው ሥጋና ደም ትቀበላለች። ከዚህ በኋላ «በደሟ ሰይጣን አለ» ማለት ባለ እጁን መስደብ ብቻ አይደለም፤ ጥምቀቱ አልሠራም ማለት ነው። ይህን አስበን የምንናገረው ቢሆን ኖሮ ምላሳችን በተሳሰረ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ለባለ እጅ ያለውን ክብር እናስታውስ። የድንኳኑን ንዋየ ቅድሳት እንዲሠራ እግዚአብሔር በስሙ የጠራውና በመንፈሱ የሞላው ባስልኤል ብረታ ብረት ሠሪ ነበረ። ጻድቁ ዮሴፍ ጠራቢ ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር ነበር። ጌታችንም ክፉ ዐይንን ከሰው ልብ ከሚወጡት ርኩሰቶች ጋር ቈጥሮታል፤ ምቀኝነት ማለቱ ነው። እንግዲህ ክፉ ዐይን በሌላው ሰው ዘር ሳይሆን በእያንዳንዳችን ልብ የሚፈለግ ነው።

ነገሩ በአገራችን ነገሥታትም ዘመን ከባድ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) በጥንቆላና ደስክና ዲኖ በሚባሉት ጣዖታት ላይ ብርቱ ዘመቻ አድርገው ነበር። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ግን በዚህ ክስ የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ተቀጥተዋል። ጣት በመጠቆም የሚጀመር ክስ እስከ ቤተ መንግሥት እልፍኝ ይደርሳልና። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አስታወቁ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ገና ከቤታችን አልወጣም።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ብንመረምር ከሃይማኖት ይልቅ ከኑሮ ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። በቀድሞው ሥርዐት ባለ እጁ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ ከባለ ርስቱ አጠገብ ተጠግቶ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። መሬት የሌለው ሰው እህል ባለው ሰው ደጅ ሲቆም፣ ባለ እህሉ ያ ዐይን የሚለምነው ሳይሆን የሚበላው መሰለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ዐዋጅ የርስቱን ሥርዐት ሽሮታል። የርስቱ አጥር ፈረሰ፤ የፍርሃቱ አጥር ግን ቆሞ ቀረ።

በጎንደር በኩል የሚኖሩት ቤተ እስራኤልም በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ የታወቁ ስለ ነበሩ በዚሁ ስም ይታሙ ነበር። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል አገር ተወሰዱ። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ቡዳ የተባሉት ከሄዱ በኋላ የሕፃናት ትኩሳት ከጎንደር ጠፋን? አልጠፋም። የሚታማው ሰው ሄደ፤ ሕመሙ ግን ከእኛው ጋር ቀረ። ሕመሙ ከእነርሱ አልነበረምና።

ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያፍርም ሆነ የሚመካ ሰው ቢኖር ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንውሰደው። በእስያ ካምቦዲያ የምትባል አገር አለች፤ ሕዝቧም ክመር ይባላል። በ12ኛው መቶ ዓመት አንኮር ዋት የተባለውን ታላቅ የድንጋይ መቅደስ ያነጹ ናቸው። ሃይማኖታቸው የቡድሃ ነው፤ ገዳማትና መነኮሳት አሏቸው። ከዚህም ጋር በየመንደሩ በትልቅ ዛፍ ሥር ወይም በመንደር ዳር ነክ ታ ለሚሉት ጠባቂ መንፈስ ትንሽ ጎጆ ሠርተው ምግብና ዕጣን ያቀርቡለታል። ይህን ያነበበ የጎጃም ሰው ከአድባሩ ዛፍ ሥር ቡና ሲፈላና ቅቤ ሲቀባ ያየውን ያስታውሳል።

እነዚሁ ክመሮች አፕ ብለው የሚፈሩት ነገር አለ። በቀን እንደ ማንኛዪቱም ሴት ከሰው ጋር ትውላለች፤ በሌሊት ግን ራሷ ከአንገቷ ተለይቶ አንጀቷን እያንጠለጠለ ይዞራል ይላሉ። እኛ ቡዳ በሌሊት ጅብ ይሆናል እንደምንለው ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸው የታይላንድና የላኦስ ሰዎችም ፒ ፖፕ የሚሉት አለ፤ ሰው ላይ አድሮ የሌላውን ሰው የሆድ ዕቃ ይበላል ብለው ያምናሉ። «በላው» የሚለው ቃላችን ከዚያም አለ! በታይላንድ ፒ ፖፕ ነህ የተባለ ሰው ከመንደሩ ይባረር ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የገቡ የካቶሊክ ሚስዮናውያን እንዲህ ያሉትን ስደተኞች ሰብስበው አስፍረዋል። በካምቦዲያም በእኛው ዘመን ሳይቀር መተተኛ ናቸው ተብለው በጎረቤቶቻቸው እጅ የተገደሉ ሰዎች አሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ክመሩ የቡድሃ ተከታይ ነው፤ እኛ ኦርቶዶክሳውያን ነን። በግሪክና በቱርክ አገር ደግሞ አንዱ ክርስቲያን ሌላው እስላም ሳለ ሁለቱም ለዐይን መከላከያ ሰማያዊ ዶቃ በልጆቻቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሃይማኖታቸው የተለያየ ሕዝቦች በአንድ ፍርሃት ከተገናኙ፣ ያ ፍርሃት ከሃይማኖታቸው አልመነጨም። የመነጨው ልጁን እንዳያጣ ከሚፈራ የወላጅ አንጀት፣ ሕመሙን ከማያውቅ አእምሮና የሚከሰስ ደካማ ሰው ከመፈለግ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ጎረቤቱን ቡዳ ሲል «እምነቴ ነው» አይበል። እምነታችን አይደለም፤ ፍርሃታችን ነው። ፍርሃታችንን ከመስቀሉ አጠገብ ስለ ሰቀልነው ብቻ እምነት አይሆንም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፤ ሕፃን ሲታመም ከሁሉ አስቀድማችሁ ትንፋሹን እዩ። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ጸጥ ብሎ ሳለ በአንድ ደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ደግሞ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሳንባው ታሟል ብላችሁ ፍሩ። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ አንድ ሌሊት እንኳ ሳታሳድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሳንባ ምች በዓለም ሁሉ ብዙ ሕፃናትን ከሚገድሉት ተላላፊ በሽታዎች ዋነኛው ነው። ለታመመ ሳንባ ጭስ ማጠን ደግሞ በሚነድ ቤት ላይ እሳት እንደ መጨመር ነው። ጸሎቱ አይቅር፤ ጠበሉም አይቅር፤ መድኃኒቱ ግን ከሁለቱ ጋር አብሮ ይሂድ። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ አትርሱ።

ሁለተኛ፤ ይህን ቃል በልጆች ፊት አትናገሩ። በክፍላችን ውስጥ የቀጥቃጭ ልጅ ምሳውን ሲከፍት ሌሎቹ ፊታቸውን የሚያዞሩት እኛ አስተምረናቸው አይደለም፤ ከእናንተ ማዕድ ተምረው መጥተው ነው። ልጁም ፊደል ከመለየቱ በፊት የተጠላ መሆኑን ይለያል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመሐል አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ የእኛ ሥራ ነው፤ ከማዕዳችሁ ማስቀመጥ ግን የእናንተ ነው።

ሦስተኛ፤ በማኅበራችሁና በሰንበቴያችሁ ባለ እጁን ጥሩት። ዕድር ውስጥ ገንዘቡን ተቀብላችሁ እንጀራውን የምትንቁት ከሆነ፣ የሚቀብራችሁን ሰው በሕይወታችሁ ሳላችሁ ቀብራችሁታል ማለት ነው።

በመጨረሻም የዚያችን ቤት ነገር ጨርሰን እንለያይ። ከገበያ የተገዛው ምጣድ ዛሬም በጎረቤታችን ቤት ይጋገርበታል፤ «የቡዳ ምጣድ ነው» ብሎ የሰበረው የለም። ባለፈው ሳምንት እናቲቱ ሰው በሌለበት ጠብቃ መጣችና «የኔታ፣ የዚያችን ሴትዮ ቤት ያውቁታል?» አለችን። «እናውቀዋለን» አልናት። «ባለቤቴ አልሰማም፤ አያቱም ቢሰሙ ይቆጣሉ። እኔ ግን ሊጥ በጨመርሁ ቁጥር ልጄን የገለጠችበት እጇ ይታየኛል» አለች። በሚመጣው ሚካኤል ልጁን ይዘን አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ባልቴቲቱ በሯን ትክፈትልን አትክፈትልን ገና አናውቅም፤ ባትከፍትልንም አንፈርድባትም። ከከፈተችልንና እንጀራ ካቀረበችልን ግን እንበላለን። በልጅነታችን የጣልነው እንጀራ ዕዳ አለብንና።

አምላከ ቅዱሳን የወንድማችንን ፊት ያለ ፍርሃት የምናይበትን ዐይን ይስጠን። ለሚመጣው ወር በሰላም ያድርሰን፤ ይቆየን።